ገጻችን ሲቪ ብቻ ሲያመጣልን

የምንሸጠው የፔይሮል (የሠራተኛ ደመወዝ ማስያ) ሶፍትዌር ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እዚህ ለመጻፍ አምስት ሰከንድ አልፈጀብኝም፤ ላንዲንግ ፔጃችን (የድረ ገጻችን መግቢያ) ላይ ለመጻፍ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብናል። ሶፍትዌር ሠርታችሁ ለድርጅቶች ለመሸጥ የምትሞክሩ፣ በተለይ እንደኛ ሦስትም አራትም ሆናችሁ የምትታገሉ ካላችሁ፣ ቢያንስ የኛን ስሕተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ገጻችን አናት ላይ በትልቁ የተጻፈው «የድርጅትዎን የሰው ሀብት በተቀናጀ ዲጂታል መፍትሔ እናዘምናለን» የሚል ነበር። ከሥሩ ሱፍና ከረባት ያደረጉ ፈረንጆች መስታወት በመስታወት በሆነ ሕንፃ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። ዝቅ ሲባል ስድስት ሳጥን አለ፦ ክላውድ፣ ሞጁል፣ ዳሽቦርድ፣ ኤፒአይ እያለ ይቀጥላል። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮዱንም የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ የለፋሁበትን ሁሉ ደረደርኩት። ሽያጩን የሚሠራው ባልደረባዬ አንብቦ «ያምራል» አለኝ። አሁን ሳስበው «ያምራል» ማለቱ ምንም አልገባኝም ማለቱ ነበር።

ገጹ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት በፎርሙ በኩል መልእክት ይጎርፍ ነበር። ደስ ብሎን ስንከፍተው ሲቪ ነው። በአካውንቲንግ የተመረቀ፣ በማኔጅመንት የተመረቀች፣ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሹፌር። «የሰው ሀብት» የሚለውን ያየ ሁሉ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ መስለነዋል። አንዲት እናት ደውለው ልጃቸው የጤና ምርመራዋን እንደጨረሰች ከነገሩኝ በኋላ «በረራዋ መቼ ነው ታዲያ?» ብለው ጠይቀውኛል። ሶፍትዌር ነው የምንሠራው ብዬ ባስረዳቸውም አላመኑኝም፤ የምደብቃቸው ነገር ያለ መሰላቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከገጹ የመጣ ደንበኛ አንድም የለም። የነበሩን አራት ደንበኞች በሙሉ በዘመድና በትውውቅ የመጡ ናቸው።

ጽሑፉ መቀየር እንዳለበት ስንስማማ ስብሰባ ተቀመጥን። ነጭ ሰሌዳ፣ ማርከር፣ ቡና። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራክረን «እናዘምናለን» የሚለውን «እናቀላጥፋለን» አልነው። ከዚያ የባሰ ከሰዓት በኋላ አሳልፌ አላውቅም። ፔይሮል ሠርቶ የሚያውቅ አንድም ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ስለ ፔይሮል የሚያምር ቃል እየፈለግን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ግን ጠቀመን። የአክስቴ ልጅ ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። የፋይናንስ ኃላፊዋን እንድታስተዋውቀኝ ለመንኳት። ሶፍትዌር ልሸጥልዎት አልመጣሁም፣ ደመወዝ ሲሠሩ አጠገብዎ ሁለት ቀን ልቀመጥ አልኳቸው። ሴትዮዋ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ «ሥራ የለህም እንዴ አንተ ልጅ?» አሉኝና ወንበር አሳዩኝ። ቀኑ ከወሩ 24 ነበር።

ያየሁትን ልዘርዝርላችሁ፤ ገጻችንን የቀየረው እሱ ስለሆነ። መጀመሪያ ከጣት አሻራ ማሽኑ የወጣው የመግቢያና መውጫ ሰዓት ታትሞ ይመጣል። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ መብራት የጠፋ ቀን ማሽኑ አልመዘገበም። የየክፍሉ ፎርማን ትርፍ ሰዓት የሠሩትን ሰዎች ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእጁ ጽፎ ያመጣል። ከዚያ ተቀናሹ አለ፦ ከድርጅቱ የተበደረ፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ያለበት፣ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት የሚቆረጥበት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለልጁ ቀለብ የሚቆረጥበት። ይህ ሁሉ አንድ ኤክሴል ላይ ይገባል። ኤክሴሉ ካለቀ በኋላ ሴትዮዋ ካልኩሌተር አውጥተው እንደገና ከላይ እስከ ታች ይደምራሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከዓመታት በፊት ፎርሙላው አንድ መስመር ተንሸራቶ የጥበቃው ደመወዝ ለመካኒኩ፣ የመካኒኩ ለቀጣዩ ሰው ገብቶ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ኤክሴልን አያምኑትም። በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤና በፍላሽ የተገለበጠ ሶፍት ኮፒ ይዘው ወደ ባንክ። አንድ የሂሳብ ቁጥር ላይ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ዝርዝሩ ተመልሶ ይመጣል።

በሁለተኛው ቀን ማታ «ከዚህ ሁሉ እርስዎን የሚያስጨንቅዎት የቱ ነው?» አልኳቸው። «ጊዜው ነው» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ጊዜውስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። «እኔን የሚገለኝ ደመወዝ በገባ ማግስት በሩ ላይ ተሰልፈው ‹ጎደለብኝ› ሲሉኝ ነው። ለእያንዳንዱ መዝገብ አውጥቼ ማስረዳት አለብኝ። ሌባ ነሽ ባይሉኝም ዓይናቸው ይላል።»

ይህን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ጽፌው ግን አልሰማሁትም። ቢሮ ተመልሼ እኔን ያስገረመኝ ጊዜው ስለነበር (ሁለት ቀን ሙሉ! ለአንድ ወር ደመወዝ!) አዲሱን ርእስ «ፔይሮልዎን በ5 ደቂቃ ይጨርሱ» አልኩት። ባልደረባዬም ወደደው። ቢያንስ አሁን ፔይሮል የሚለው ቃል ገብቷልና ሲቪው ቀነሰ። ጥቂት ሰዎችም ደወሉ። አንድም አልተሸጠም።

ያልተሸጠበት ምክንያት የገባኝ አንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ገጹን አይተው፣ ወደውት፣ ለዴሞ (ሶፍትዌሩን እንድናሳያቸው) ጠርተውናል። እሳቸው በአስተያየት መስጠት ተጠምደው ሳለ ፔይሮሉን የምትሠራው ልጅ ጥግ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ሲያልቅ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አሏት። «ጥሩ ነው፣ ግን የኛ ፔይሮል ውስብስብ ነው፤ የቀን ሠራተኛ አለን፣ ሳይት አለን፣ አይሆነንም» አለች። ባለቤቱ ተከትለው «እንግዲህ ታስቡበትና...» አሉ። በቃ። ወደ ሊፍቱ ስትሸኘን ሳቅ ብላ «በ5 ደቂቃ ካለቀ እኔ ቀሪውን ወር ምን ልሠራ ነው?» አለችኝ። ቀልድ አይደለም። ከሦስት ሳጥን በታች «የሰው ኃይል ወጪዎን ይቀንሳል» የሚል ጽፌ ነበር። ወጪ የተባለችው እሷ ናት፤ ያንንም አንብባ ነው ዴሞው ላይ የተቀመጠችው።

እኛ አገር ለድርጅት ሶፍትዌር ስትሸጡ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋይናንስ ኃላፊው ነው፤ «አይሆነንም» ብሎ የሚገድለው ደግሞ በየወሩ የሚጠቀምበት ሰው ነው። ገጹን ለባለቤቱ ብቻ ጽፋችሁ የቀሩትን ሁለቱን ካስፈራችሁ ገጹ ባይኖር ይሻላል። «ወጪ ይቀንሳል» እና «በ5 ደቂቃ» የሚሉትን ያን ዕለት ማታ አጠፋኋቸው። ለነገሩ አምስት ደቂቃውም ውሸት ነበር። ማስላቱ አምስት ደቂቃ ነው፤ የፎርማኑን ወረቀት ማስገባቱ ግን ያው የሰው ሥራ ነው።

ወደ ስልኬ ማስታወሻ የተመለስኩት ያኔ ነው። አዲሱ ርእስ ከሴትዮዋ አፍ የወጣ ነው ማለት ይቻላል፦

«‹ደመወዜ ጎደለ› ብሎ በርዎ ላይ የሚሰለፍ ሠራተኛ እንዳይኖር።»

ከሥሩ፦ «የፔይሮል ሶፍትዌር ነው። ግብሩን፣ ጡረታውን፣ ትርፍ ሰዓቱንና ተቀናሹን አስልቶ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ዝርዝሩን ያወጣል። ሠራተኛው ምን እንደተቆረጠበት ሳይጠይቅዎት ያየዋል።»

ኤፒአዩም ክላውዱም ሄደ። ፈረንጆቹም ሄዱ። በነሱ ቦታ አንድ የደመወዝ መክፈያ ወረቀት አስቀመጥን፤ ስለሱ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ከርእሱም በላይ የሠራልን እሱ ነውና።

መጀመሪያ ማስቀመጥ የፈለግነው የሶፍትዌሩን ፎቶ ነበር። ሰንጠረዥና ሰማያዊ ቁልፎች ያሉበት። ግን የማንኛውም ሶፍትዌር ፎቶ እንደዚያው ነው። አካውንታንት የሚያምነው ምንድን ነው ብለን ስናስብ፣ ሊደምረው የሚችለውን ቁጥር ነው። ስለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ሠራተኛ ፈጠርን። ደመወዙ 10,400 ብር። በወር 208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓት ክፍያው ልክ 50 ብር ይመጣል፤ ቁጥሩን ሆን ብለን ነው የመረጥነው፣ በአእምሮ እንዲሰላ። በወሩ ውስጥ 8 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሠርቷል፣ በ1.5 ሲባዛ 600 ብር። ጠቅላላው 11,000። የደመወዝ ግብር ያኔ በነበረው ሠንጠረዥ 2,350። የጡረታ 7 በመቶ ከመነሻ ደመወዙ 728። የተጣራ 7,922። ከሥሩ በትንሹ፣ አሠሪው የሚጨምረው የጡረታ 11 በመቶ 1,144 ብር። በቃ ይኸው ነው። በወረቀት የታተመ የሚመስል፣ ጠርዙ የተቆረጠ።

ሰዎች ገጹ ላይ ቆመው ካልኩሌተር መምታት ጀመሩ። ይህን የማውቀው እየደወሉ ስለሚነግሩኝ ነው። «10,400ውን በኔ ኤክሴል አየሁት፣ ገጠመ» ብሎ የጀመረ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ስልክ ነው። የበለጠ ጥሩው ደግሞ የሚከራከረው ነው። አንድ የሆቴል ፋይናንስ ኃላፊ ደውለው «እኛ በ208 አናካፍልም፤ በ240 ነው የምናካፍለው፤ እናንተ ተሳስታችኋል» ብለው ሃያ ደቂቃ ተከራክረውኛል። ድርጅቶች በተለያየ ቁጥር እንደሚያካፍሉ አውቅ ነበር፤ ሶፍትዌሩም ሁለቱንም ይቀበላል፤ ገጹ ላይ ግን አልጻፍኩትም። በማግስቱ ጨመርኩት። ሰውዬው ዛሬ ደንበኛችን ናቸው። የሚከራከራችሁ ሰው ገጻችሁን እስከ መጨረሻው አንብቧል ማለት ነው፤ አትሰላቹት።

ከዚያ ሐምሌ 2017 መጣ። የደመወዝ ግብር ሠንጠረዡ ተቀየረ፤ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ወደ 2,000 ከፍ አለ፤ 35 በመቶ የሚጀምረውም ከ10,900 በላይ መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 በላይ ሆነ። ይህ ለሠራተኛው ደስታ፣ ፔይሮል ለሚሠራው ግን ራስ ምታት ነበር። በየድርጅቱ ያለ ኤክሴል ሁሉ ፎርሙላው ተበላሸ። አንዳንዱ ሺት ከዓመታት በፊት ከድርጅቱ በለቀቀ ሰው የተሠራ ስለሆነ ፎርሙላው የት እንዳለ የሚያውቅ እንኳ የለም።

ገጻችን ላይ «ሕግ ሲቀየር ሶፍትዌሩም ወዲያው ይታደሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጅምሩ ነበረ። ማንም አይቶት አያውቅም። በዚያ ሳምንት አናቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨመርን፦ «የሐምሌ 2017ቱ የግብር ሠንጠረዥ ገብቷል። የራስዎን ቁጥር ያስገቡና ይዩ።» ከሥሩ ደመወዝ የሚገባበት አንድ ሳጥን፤ አሮጌውንና አዲሱን ግብር ጎን ለጎን ያሳያል። ያንን የ11,000 ብሩን ሰው ብታስገቡት በአሮጌው 2,350፣ በአዲሱ 1,950፣ የ400 ብር ልዩነት። ነፃ ነው፣ ስልክ አይጠይቅም፣ ምዝገባ የለውም። ባልደረባዬ «ቢያንስ ስልካቸውን እንቀበል» ብሎ ሲከራከረኝ እምቢ አልኩት፤ ከተሳካልኝ ጥቂት ክርክር አንዱ ነው። ሊንኩ ከአንዱ የአካውንታንቶች ቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሄደ። በዚያ አንድ ወር ገጹን የጎበኘው ሰው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሙሉ ከጎበኘው ይበልጣል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ትርጉማቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የኋለኛው፣ ሰው በዚያ ሳምንት ያፈጠጠበትን ነገር በስሙ መጥራቱ ነው።

ስለ ቋንቋው። የገጻችን የመጀመሪያ ረቂቅ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ «ድርጅት ነው፣ ይከበርልን» በሚል። ከዚያ ወደ አማርኛ ስንመልሰው እኔ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩና «የደመወዝ መክፈያ ሥርዓት» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ፔይሮል የሚሠራ ሰው ግን ፔይሮል ነው የሚለው። «ኦቨርታይም» ነው የሚለው። «ትርፍ ሰዓት» ሲሉት ይገባዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ሁለቱንም እያፈራረቅን እንጠቀማለን። «ተቀናሽ»ን ግን እዚያ ማንም «ዲዳክሽን» አላለውም። ይህን ሁሉ ቃሊቲ ከቀዳሁት ድምፅ ነው ያወጣሁት (ሴትዮዋ ፈቅደውልኝ ነው የቀዳሁት)። መዝገበ ቃላት አይነግራችሁም።

«አንተ» ወይስ «እርስዎ» የሚለውም አከራክሮናል። ዲዛይነራችን ወጣት ነው፤ «አሁን ሁሉም አፕ አንተ ነው የሚለው» አለን። ለሙዚቃ አፕ ይሁን። አምሳ ዓመት የሞላቸውን የፋይናንስ ኃላፊ ቁልፉ ላይ «ጀምር» ብትላቸው ደስ አይላቸውም። እርስዎ አልን። ቁልፎቹ ረዘሙ፤ «ጀምር» ሦስት ፊደል ነው፣ «አብረን እንሥራው» ግን ስልክ ላይ ሁለት መስመር ይይዛል። ይያዝ።

አንዷን ስሕተት ግን ከሁሉም አስበልጬ እወዳታለሁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሶፍትዌሩ እንደሚሠራ ለመግለጽ «ኔት ባይኖርም ይሠራል» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ አካውንታንት በቴሌግራም «ኔት ከሌለው ፔይሮል ምን ይጠቅመኛል ወንድሜ? ሠራተኛው የሚጠብቀው ኔቱን ነው» ብሎ ላከልኝ። እሱ ዘንድ ኔት ማለት የተጣራ ደመወዝ ነው። አሁን «ኢንተርኔት ወይም መብራት ቢጠፋ የጀመሩት ሥራ አይጠፋም» ይላል።

ዋጋን በተመለከተ ሰፊ ሐተታ የለኝም። ዋጋ አንጽፍም ነበር፤ «በስልክ ያነጋግሩን»። አሁን በሠራተኛ ብዛት ጽፈነዋል፤ እስከ 50፣ እስከ 200፣ ከዚያ በላይ። የሚደውለው ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ የሚደውለው ግን ዋጋውን አይቶ የደወለ ነው። ከዋጋው ጎን የጻፍናት አንዲት አጭር መስመር ከጠበቅነው በላይ ጠቀመችን፦ «ዋጋው ቫት ጨምሮ ነው፤ ደረሰኝ እንሰጣለን።» ቀድሞ በስልክ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ደረሰኝ አላችሁ?» ነበር። ስለ ሶፍትዌሩ ሳይጠይቁ ስለ ደረሰኙ። ገጹ ላይ ስታነቡት ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ለፋይናንስ ሰው ሕጋዊ ድርጅት መሆናችሁን ከማንኛውም ሎጎ በላይ የሚነግረው እሷ ናት።

ከባዱ የደንበኞች ምስክርነት ነበር። የሌሎች አገር ገጾች ላይ ሎጎ ተደርድሮ፣ የሥራ አስኪያጁ ፎቶና ጥቅስ ተቀምጦ ታያላችሁ። እኛ ስንጠይቅ ሁሉም «ስማችንን አታውጡ» አሉን። አይፈረድባቸውም። ስንት ሠራተኛ እንዳለው፣ ምን ያህል እንደሚከፍል ተፎካካሪው እንዲያውቅ የሚፈልግ የለም። ሐሰተኛ ስም መጻፍ ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ ያለ ስም ጻፍነው፦ የሥራውን ዓይነት፣ አካባቢውንና ግምታዊ የሠራተኛ ቁጥሩን ብቻ፣ ያውም አስፈቅደን። ከሥሩ «ማነጋገር ከፈለጉ አስፈቅደን እናገናኝዎታለን» አልን። ከጠየቁን ሰዎች ጋር በስልክ አገናኝተናል። እውነቱን ለመናገር ውል የሚያዘው ገጹ ላይ አይደለም፤ እዚያ ስልክ ላይ ነው። አካውንታንት ለአካውንታንት ሲያወራ እኔ የማላውቀውን ሁሉ ይነጋገራሉ።

ፎርሙን አነሳነው። በቦታው ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ቁልፍ ብቻ። ፎርም የሞላ ሰው መልስ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ስልክ የደወለ ግን አግኝቶናል። የቀጠሮ መያዣም ነበረን፤ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚያሳይ አንድ ደንበኛ «9 ሰዓት» የሚለውን አይተው ከሰዓት በኋላ ጠብቀውናል፤ እኛ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተር ከፍተን ተቀምጠን ነበር። እሱንም ጣልነው። ቪዲዮውም ተነሳ። ሰው ገጹን የሚከፍተው ከቴሌግራም ሊንክ በስልኩ ነው፤ ዳታው እየተቆጠረበት የኛን አኒሜሽን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ የቀረው «ዴሞ ይጠይቁ» የሚለው ቁልፍ ነበር። ዴሞ ሲባል ሰው ስብሰባ ነው የሚታየው፤ ፕሮጀክተር፣ ውሃ በፕላስቲክ፣ «እናስብበታለን»። በሱ ፋንታ «የአንድ ወር ፔይሮልዎን ጎን ለጎን አብረን እንሥራው» አልን። እናንተ እንደለመዳችሁት በኤክሴል ሥሩ፣ እኛም በሶፍትዌሩ እንሠራለን፣ በመጨረሻ ሁለቱን እናስተያያለን። ካልገጠመ አይከፍሉም። ይህ ቃል ብቻ ሳይሆን የሥራ ለውጥም ነው፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ሁለት ቀን ይበላናል። አቅም ከሌላችሁ ገጹ ላይ አትጻፉት። ለኛ ግን ያችን ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ከዳኛ ወደ አጋርነት የለወጣት ይህ ነው፤ ማመሳከሩን የምትሠራው እሷ ናት፣ ስሕተት ካለ የምታገኘው እሷ ናት።

ውጤቱን በቁጥር ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ርእሱን፣ ወረቀቱን፣ የግብሩን ሳጥንና ስልኩን በተቀራራቢ ጊዜ ስለቀየርናቸው የትኛው ምን ያህል እንደጠቀመ ለይቼ መናገር አልችልም። ከገጹ የመጣ ደንበኛ ዜሮ ነበረን፤ አሁን አዲስ ከሚመጡልን ውስጥ አብዛኞቹ የሚመጡት በገጹ ነው። ስልኩ በብዛት የሚጮኸው ከወሩ 22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ነው። ሲቪም አልፎ አልፎ ይመጣል። አንዱን ቀጥረነዋል፤ አካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ነው፣ ስልክ የሚያነሳው አሁን እሱ ነው።

የቃሊቲዋ ሴትዮም በመጨረሻ «እስቲ አምጣው» አሉኝ። ጎን ለጎን ሠራን። 340 ሠራተኛ፤ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም ገጠመ። ያ ሰው የሰዓት ክፍያው 50 ብር የሆነ መካኒክ ነው፤ ልዩነቱ 25 ብር። የፎርማኑን ወረቀት አወጡ። «ማታ 2 ሰዓት» ይላል። የኛ ልጅ «ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ሠራ» ብሎ አንብቦት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሚታሰበው በ1.75 አስገብቶታል። እሳቸው ግን ፎርማኑን ያውቁታል፤ ከ12 እስከ ማታ 2 ሰዓት ድረስ ሠራ ማለቱ ነው፣ በ1.5።

«ተመልከት» አሉኝ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ፣ «ሰው በሬ ላይ የሚቆመው በዚች ነው።»

ልጁ በዚያው ሳምንት ማስገቢያውን ቀየረው፤ አሁን «ስንት ሰዓት ሠራ» አይልም፣ «ከስንት እስከ ስንት» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ያችን ወረቀት ፎቶ አንስቼ፣ የመካኒኩን ስም ሸፍኜ፣ ገጹ ላይ ከ10,400ው ቀጥሎ ለጠፍኳት።